ለሸክላ ሠሪ ልጆች

"ይኸኛው ደግሞ፣" አለች ዙሀራ የነፃ ትምህርት ዕድል ማስታወቂያ የምታነብበትን የስልኳን መስታወት ከፀሐይ በመዳፏ እየከለለች፣ "ለአርብቶ አደር ልጆች ነው። እማ፣ ግመል አለን እንዴ?"

የረይሃና ግቢ በሳቅ ተሞላ። እሑድ የረይሃና ትልቁ ልጅ ሠርግ ነው። የጅማው ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ሴቶች ከሐሙስ ከሰዓት ጀምረው ግቢዋ ውስጥ ከትመዋል፤ ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ፣ በርበሬ ይቀነጥሳሉ፣ ጎን ለጎንም የሰፈሩን ወሬ ይከትፋሉ። የዙሀራ እናት ረሺዳ ምድጃው አጠገብ ቆማ የሠርጉን ቅቤ ታነጥራለች። በዚያ ሰፈር ሠርግም ይሁን ለቅሶ፣ ሰደቃም ይሁን የአራስ ልጅ አቂቃ፣ ያለ ረሺዳ ድስት አይጣድም። ገበያ ወርደው ሸክላ ድስት ሲገዙ እንኳ እሷን ይዘው ነው የሚሄዱት። በጣቷ ኳ ኳ አድርጋ ስንጥቅ ያለበትን በድምፁ ትለያለች። ይህን ከየት እንደተማረችው ጠይቋት የሚያውቅ ግን የለም።

"ይቺ ደግሞ ሁለቱንም ወላጅ ላጡ ናት፣" ቀጠለች ዙሀራ። "እኔ ያጣሁት አንዱን ነው። ግማሹን አይሰጡኝም?"

ሴቶቹ አሁንም ሳቁ። ረሺዳ ይህን የልጇን ቀልድ ታውቀዋለች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ ዙሀራ ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ነጥብ ጎድሏት ከቀረች ጀምሮ እንዲህ ትቀልዳለች፤ ቤት ስትገባ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። የግል ጤና ኮሌጅ መግባት ትፈልጋለች፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ መሆን። የኮሌጁን ክፍያ ከድስት ማማሰል አውጥቶ መክፈል እንደማይቻል ሁለቱም ስለሚያውቁ አንስተውት አያውቁም።

"አሃ! ይቺን ስሙ፣" አለች ዙሀራ፤ ድምፅዋንም እንደ ዜና አንባቢ አወፈረችው። "'ከሸክላ ሠሪ፣ ከቆዳ ፋቂና ከመሰል የእደ ጥበብ ማኅበረሰቦች ለተወለዱና በትውልዳቸው ለተገለሉ ወጣቶች፣ በጤና ኮሌጅ ሙሉ የትምህርት ወጪ። ምዝገባው የፊታችን ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል።' ሙሉ ወጪ! በሉ እንግዲህ ጭቃ ልናቦካ ነው እማ።"

"ይሄንንስ ማን ያመለክታል?" አለች ልብስ ሰፊዋ ፀደንያ፣ መቀሷን እንኳ ከአንገቷ ሳታወልቅ የመጣችው። "ፎቶውን አስለጥፎ፣ አፉን ሞልቶ፣ ነኝ የሚል ሰው ይገኛል?"

"አስተግፊሩላህ በሉ እንጂ!" ረይሃና ተቆጣች። "እነሱም የአላህ ፍጡሮች ናቸው።" ከዚያ ሳቋ አመለጣት። "ብቻ ከቤቴ አይግቡብኝ።"

ሁሉም ሳቁ። ረሺዳም ሳቀች። ከሁሉም ዘግይታ ነው፣ ግን ሳቀች።

ረይሃና ክፉ ሴት አይደለችም። ይህን መናገር ግድ ነው፤ ክፉ ብትሆን ለረሺዳ በቀለላት ነበር። የረሺዳ ባል የሞተ ጊዜ አርባ ቀን ሙሉ ቤቷ አድራ ያጽናናቻት ረይሃና ናት። ዙሀራ በታይፎይድ ስትወድቅ ተሸክማ ሐኪም ቤት ያደረሰቻት እሷ ናት። ረሺዳ በዓለም ላይ አለኝ የምትለው ጓደኛ ቢኖር ረይሃና ነች፤ ረሺዳ ራሷ ግን ረይሃና የማታውቃት ሴት ናት።

ረሺዳ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነች። ሊሙ ገነትን አልፎ ቡናው ውስጥ ካለች መንደር ዳር ተወልዳ፣ እናቷ ጭቃ ስትደቁስ አጠገቧ ቁጭ ብላ አድጋለች። የእነሱ ቤት ከመንደሩ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ነው የተሠራው። ማንም እነሱ ቤት አይበላም፤ እነሱም ሰው ቤት ሲሄዱ ደጅ ነው የሚቆሙት። ልጅነቷ ሳያልቅ አንድ የኢሱዙ ረዳት ወደዳትና ይዟት ጅማ ገባ። ለሰው "ከአጋሮ ነው ያመጣኋት" አለ፣ እሷም ከአጋሮ ነኝ አለች፣ በዚያው ጸና። ባሏ ብቻ ያውቅ ነበር። ዙሀራ አራት ዓመት ሲሆናት እሱ በመኪና አደጋ ሞተ፤ ከዚያ ወዲህ ረሺዳ ስለራሷ የምታወራው ሰው አጣች። ለልጇም አልነገረቻትም። ልጅ ምስጢር አይጠብቅም ብላ ነበር መጀመሪያ፤ ኋላ ደግሞ ልጅቱ አደገችና መንገሪያው ጊዜ አለፈ።

ቅቤውን አጥልላ ስትጨርስ ለረይሃና "ለቅመሙ ኮረሪማ አንሶኛል። ነገ በጠዋት ሊሙ ደርሼ ከለቃሚዎቹ ልግዛ" አለቻት።

"ኮረሪማ ሄርማታ ገበያ ጠፍቶ ነው?"

"የሄርማታው የከረመ ነው። ለልጃችን ሠርግ የከረመ አላገባም።"

"እሺ በይ፣ አንቺ ካልሽ ካልሽ ነው" አለች ረይሃና። "ብቻ ነገ ሽንኩርቱ ሳይጀመር ድረሽልኝ።"

ዓርብ ጠዋት ሚኒባሱ ከመናኸሪያ ሲወጣ ረሺዳ ከዙሀራ ስልክ ላይ ደብቃ የቀዳችውን የማስታወቂያውን ቁጥር ደወለች። አንድ የወጣት ድምፅ አነሳው። ፍሬአብ እባላለሁ፣ የድርጅቱ አስተባባሪ ነኝ አለ። ደስተኛ ልጅ ነው፣ ድምፁ ይስቃል።

"አዎ እናቴ፣ ቢሯችን ሄርማታ ነው፣ ገበያው አጠገብ። ተማሪዋ ራሷ ትመጣለች። በሙያው የሚተዳደር የቅርብ ዘመድ ደግሞ በአካል መጥቶ ይመሰክርላታል።"

"ዘመድ የግድ ነው?"

"የግድ ነው። አይገርምዎትም? ያልሆኑ ሰዎች ነን እያሉ እየመጡ አስቸገሩን። ትላንት የባለ ሆቴል ልጅ ሸክላ ሠሪ ነኝ ብላ መጣች። ስለ ጭቃ ስንጠይቃት ከሱፐርማርኬት የሚገዛ ነው የመሰላት።" ሳቀ። "ቦታው ጥቂት ስለሆነ ለማን እንደምንሰጥ መጠንቀቅ አለብን።"

"ነገሩ ... በምስጢር ነው የሚያዝ?"

"እንዴ፣ ለምን በምስጢር? ኩራት ነው እኮ እናቴ! የተመረጡትን ስምና ፎቶ በቴሌግራም ገጻችን እንለቃለን። ሰው ይየው፣ አመለካከቱ ይቀየር!"

ረሺዳ አመስግናው ዘጋች። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ወደ መስኮቱ ዞረች እንጂ የሰማች አትመስልም። ረሺዳ ግን ሊሙ ገነት እስኪደርሱ ድረስ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አላነሳችም። እውነት ለመናገር ሁለት ጊዜ ወራጅ አለ ልትል አፏን ከፍታ ነበር። የዙሀራ ጀርባ፣ ወደ ግድግዳ የዞረው ጀርባዋ፣ ሁለቱንም ጊዜ ዝም አሰኛት።

የቀይ ቡና ወቅት ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ የማድረቂያ አልጋዎቹ ሞልተዋል፤ ለቃሚዎች ጆንያ ተሸክመው ይተላለፋሉ። ከከተማው በባጃጅ ወጥታ ባጃጁ ማለፍ የማይችልበት ቦታ ላይ ወረደችና በእግሯ ቡናው ውስጥ ገባች። መንገዱ የጠፋባት መስሏት ነበር፤ እግሯ ግን አልጠፋበትም። የጭሱ ሽታ ከቤቱ ቀድሞ ደረሳት። የእርጥብ ጭቃና የተቃጠለ እበት ሽታ ነው። ከጥላው ወጣች።

ታላቅ ወንድሟ ኡመይር ለሸክላ መተኮሻው እንጨት ይከምራል። ጭቃውን የሚቆፍረውና እሳቱን የሚጠብቀው እሱ ነው፣ ሚስቱ ትሠራለች። ረሺዳ በልጅነቷ በምትናገረው ኦሮምኛ ሰላም ልትለው አስባ መጥታ፣ አፏን ስትከፍት አማርኛው ቀደማት።

"ኡመይር፣ እኔ ነኝ። ረሺዳ።"

ቀና ብሎ አያት። አውቋታል፤ ዓይኑ አውቋታል። የመለሰላት ግን በአማርኛ ነው፣ ለከተማ እንግዳ እንደሚመለሰው።

"አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ነዎት?"

አንቱታው ፊቷ ላይ እንደ ጥፊ አረፈ።  እሱ እንጨቱን መከመር ቀጠለ፣ እሷ ቆመች። ትንሽ ቆይቶ አንድ ግንድ ላይ በእጁ ጠቆማት፤ ተቀመጠች።

"እናታችን የሞተች ቀን አስደውዬልሽ ነበር" አለ ጀርባውን እንደሰጣት።

"ደርሶኛል።"

"አልመጣሽም።"

"ሰው ለቅሶ ቤት ወጥ ላይ ነበርኩ።"

"የሰው ለቅሶ!" እንጨቱን ጣለው።

"የሰፈር ሽማግሌ ሞተው ነው። ስልኩ ሲመጣ ማማሰያው እጄ ላይ ነበር። የት ልሂድ ልበላቸው? ማን ሞተ ቢሉኝ ምን ልበል? እዚያው አለቀስኩ ኡመይር። ከልጆቻቸው በላይ አለቀስኩላቸው። ሰው እስከ ዛሬ ያመሰግነኛል፣ ለጎረቤት እንዲህ የምታለቅስ ሴት አይተን አናውቅም ይሉኛል።" ድምፅዋ ተሰበረ። "እናቴን ያለቀስኩት እንደዚያ ነው።"

ኡመይር እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና እሷ ካለችበት ግንድ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። በመካከላቸው ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ነበር።

"ዛሬ ምን አመጣሽ?"

"ልጄ ... ዙሀራ። ትምህርት ቤት ልትመዘገብ ነው። ትውልዷን የሚመሰክርላት ሰው ጠየቁ።"

"ከመቼ ወዲህ ነው ትምህርት ቤት የኛን ትውልድ የሚፈልገው?"

ልትመልስ ስትል ከቡናው ውስጥ አንዲት ልጅ ጭቃ የሞላ ጆንያ በጀርባዋ አዝላ ወጣች። ቀጭን ናት፤ አገጯ ቁርጥ የረሺዳን እናት ነው። ሸክሟን አውርዳ እንግዳዋን ስታይ ራቅ ብላ ቆመች።

"ሀዋ ነች፣" አለ ኡመይር፣ "የኔ ልጅ። ኮቱ ሀዋ፣ ነይ። አዳዳሽ ናት።"

አዳዳ የአባት እህት ማለት ነው። ረሺዳን በዚህ ስም የጠራት ሰው ኖሮ አያውቅም። ሀዋ ቀረብ ብላ ጭቃ ያልነካውን የእጇን አንጓ ዘረጋችላት፣ ረሺዳም ጨበጠችው።

"ተማሪ ነሽ?"

"አምና አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ። አላለፍኩም፣ ለጥቂት ነው።" ሀዋ ወደ አባቷ አየች፣ ከዚያ ወደ ረሺዳ። "ዙሀራ ምን ልትማር ነው?"

"ላቦራቶሪ። ጤና ኮሌጅ።"

"የደም ምርመራ?" ዓይኗ ተከፈተ። "እኔም ባዮሎጂ ነበር የምወደው። ቤተ ሙከራ አልነበረንም፣ ግን መጽሐፉ ላይ ሥዕል አለ።"

"ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነበር?"

"ጥሩ ነው። ዴስክ ነበረኝ፣ ለብቻዬ።" ሀዋ ሳቀች። "ሌሎቹ ለሦስት ተጣበው ሲቀመጡ የኔ ሰፊ ነበር።"

ረሺዳ ዓይኗን ወደ እሳቱ መለሰች። ቦታው ጥቂት ነው ብሏል ፍሬአብ። እዚህ ስልክ የለም፣ ቴሌግራም የለም፣ ማስታወቂያውን ያነበበላቸው የለም። ነገ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር፤ ዝም ማለት ደግሞ ከወጥ ቀጥሎ የተካነችበት ሥራ ነው። ራሷን ጠላች። ጠልታም የዙሀራን ወደ ግድግዳ የዞረ ጀርባ አሰበች። ሀዋ ግን አሁንም ቆማለች፣ ያንን የአያቷን አገጭ ይዛ።

"ትምህርት ቤቱ አይደለም የጠየቀው፣" አለች በመጨረሻ። "አንድ ድርጅት ነው። የሸክላ ሠሪ ልጆችን በነፃ ሊያስተምር ነው። ነገ ይዘጋል።" ትንፋሽ ወሰደች። "ሀዋም ትችላለች።"

ሀዋ አባቷን አየች። ኡመይር ግን ቀስ ብሎ ወደ እህቱ ዞረ።

"ስንት ልጅ ነው የሚወስዱት?"

"ጥቂት ነው አሉ።"

"ልጅሽ የማን ልጅ እንደሆነች ታውቃለች?"

"አታውቅም።"

"ምን ደረሰባት ብዬ ነው ታዲያ የምመሰክረው? እኛ እኮ መስጊድ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን እንሰግዳለን፤ ሰላት ሲያልቅ ሰዉ ለምሳ ወደየቤቱ ሲጠራራ እኛን የሚጠራን የለም። የሀዋ እንደዚህ ነው ብዬ መናገር እችላለሁ። የዙሀራ ምንድነው?"

"ምንም አልደረሰባትም፣" አለች ረሺዳ። "ምንም እንዳይደርስባት ነው እኔ እዚህ ያልነበርኩት።"

እሳቱ ተንጣጣ። ኡመይር አፈሩ ላይ በእንጨት ሲጭር ቆየ፤ ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሳቸው ቋንቋ፣ እናታቸው በምትናገርበት ለዛ፣ "የእናታችን የልጅ ልጅ ነች፣ ይህን እመሰክራለሁ" አላት። "ሀዋን ዛሬ ይዘሻት ሂጂ። እኔ ይህን እሳት ትቼ ብሄድ የወሩ ሥራ ይፈነዳል። ነገ በመጀመሪያው መኪና እደርሳለሁ። ለሁለቱም እናገራለሁ፣ የሚመርጡትን ይምረጡ።"

"አላህ ይስጥህ ወንድሜ።"

"ቤትሽ ነው የምታሳድሪያት?"

"ቤቴ።"

"ጎረቤትሽ ማን ናት ቢልስ?"

ረሺዳ ተነስታ ነጠላዋን አስተካከለች። እሱም አልደገመውም።

ወደ ጅማ ሲመለሱ ሀዋ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ ያየችውን ሁሉ በዓይኗ ትለቅም ነበር። ያላትን ጥሩ ቀሚስ ለብሳለች፤ አንዲት የጨርቅ ቦርሳ ጭኗ ላይ ይዛለች። ረሺዳ ቃላቱን መንገዱን ሙሉ ስታሰናዳ ቆይታ ከተማው መግቢያ ላይ አወጣቻቸው።

"ሀዋ፣ የኔ ልጅ። ሰፈር ሠርግ አለ፣ ሰው ብዙ ነው። ለዙሀራ ዛሬ ማታ ቁጭ አድርጌ እነግራታለሁ። እስከዚያ ግን ... የምታግዘኝ ሠራተኛ ናት ልል እችላለሁ። አዳዳ እንዳትዪኝ።"

"እሺ። ምን ልበልሽ?"

"እትዬ በዪኝ።"

"እሺ እትዬ።"

ቶሎ ነው ያለችው፣ ምንም ቅር ሳይላት። ብትቀየም ይሻል ነበር። ረሺዳ እንዲህ በቀላሉ "እሺ" ማለትን ታውቀዋለች፤ ደጅ ቁሙ ሲባሉ እሺ፣ እዚያ ተቀመጡ ሲባሉ እሺ እያሉ ነው ያደጉት። ከመናኸሪያ በተሳፈሩት ባጃጅ ውስጥ ትከሻዋን ልታቅፋት አሰበችና ሾፌሩ የሰፈር ልጅ ስለሆነ ተወችው።

የረይሃና ግቢ ሲደርሱ የሽንኩርቱ ክምር እስከ ወገብ ይደርሳል። ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተው ዓይናቸውን እየጠራረጉ ይከትፋሉ።

"የት ጠፋሽ አንቺ! ዓይናችን እኮ በሽንኩርትም በመንገድ ማየትም አለቀ" አለች ረይሃና። "ኮረሪማውስ?"

ኮረሪማ! ረሺዳ ጭራሽ ረስታዋለች።

"አላማረኝም፣ ተውኩት። ይልቅ የምታግዘን ሠራተኛ አገኘሁ።"

"ኮረሪማ ልትገዛ ሄዳ ሰው ገዝታ መጣች" ብላ ፀደንያ አሳቀቻቸው። "ነይ እህት፣ እዚህ ጋ ቦታ አለ።"

ሀዋ ቢላዋ ተቀብላ ተቀመጠች። እጇ ፈጣን ነው፤ ትንሽ ሳይቆይ አጠገቧ ያለው ሣህን ሞላ፣ ሴቶቹም "ማሻአላህ፣ የረሺዳ ዓይን አይስትም" አሉ። ረሺዳ ሽርጧን አሰረች። ነገሩ በሰላም የሚያልፍ ይመስላል። ማታ ዙሀራን ቁጭ አድርጋ ትነግራታለች፣ ነገ ጠዋት ኡመይር ይመጣል፣ ፎቶው በቴሌግራም ሲወጣ ደግሞ ያኔ ይታሰብበታል ብላ ራሷን አሞኘች።

ዙሀራ ውሃ ይዛ ወጣች። በአንድ እጇ ጆግ፣ በሌላው ብርጭቆ የተደረደረበት ትሪ ይዛ ክቡን እየዞረች ለሁሉም ቀዳች። ሀዋ ጋ ስትደርስ "እንኪ" ብላ ትሪውን ዘረጋችላት።

ሀዋ ብርጭቆ አላነሳችም። ቢላዋውን አስቀመጠች፣ ከጨርቅ ቦርሳዋ ውስጥ አንዲት ሰማያዊ የላስቲክ ኩባያ አወጣች፣ ክንዷንም እስከ መጨረሻው ዘርግታ፣ ጆጉ ኩባያዋን እንዳይነካው ዝቅ አድርጋ ያዘችላት። ማንም አላዘዛትም። ትምህርት ቤትም፣ ገበያም፣ ሰው ደጅም ውሃ የምትጠጣው እንደዚህ ነው። በዕድሜዋ ሙሉ ያደረገችውን አደረገች።

ዙሀራ ነገሩ አልገባትም። "ብርጭቆው ንጹሕ ነው እኮ" አለች።

ትልልቆቹ ሴቶች ግን ገባቸው። የቢላዋው ድምፅ ከአንዷ ወደ ሌላዋ እያለ ቆመ። ፀደንያ የሴቶቹን ፊት እያየች "ምነው? ምን ሆናችሁ?" አለች።

"አንቺ ልጅ፣" አለች ረይሃና በዝግታ፣ "የማን ልጅ ነሽ?"

ሀዋ ረሺዳን አየች። የዘረጋችውን ክንዷን አጠፈች።

"ሠራተኛ ነኝ" አለች።

ረይሃና ተነስታ ወደ ረሺዳ ሄደች፣ ክንዷንም ያዘቻት። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ግቢው ግን ጸጥ ስላለ ሁሉም ሰማ።

"አታለሉሽ እኮ የኔ እህት። ሳታውቂ ነው ያመጣሻት፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ወላሂ፣ ማንም አይወቅስሽም። የቀኗን ስጫትና በጓሮ በር ትሂድ። እሷ የከተፈችውን እንደፋዋለን፣ ሌላ ሽንኩርት አይጠፋም።"

እጇ ሞቅ ያለ ነበር። ረሺዳ ወደ ሃያ ዓመት የኖረችው በዚህ እጅ ሙቀት ነው። አሁን ራሷን ዝቅ ብታደርግ ብቻ፣ አዎ ብትል ብቻ፣ ሁሉም ነገር እንደነበረ ይቀጥላል፤ ሠርጉ፣ ሰፈሩ፣ ረይሃና፣ ድስቱ። ሀዋ ደግሞ ትሄዳለች። እሺ ብላ ነው የምትሄደው። አሁኑኑ ቦርሳዋን አንስታ፣ ቀሚሷ ላይ ያረፈውን የሽንኩርት ልጣጭ እያራገፈች ነው።

"የሷን ከደፋችሁ፣" አለች ረሺዳ፣ "ብዙ ነው የምትደፉት። የኔን ስትበሉ ነው የኖራችሁት።"

ረይሃና አልገባትም። እጇ አሁንም ክንዷ ላይ ነው።

"የታላቅ ወንድሜ ልጅ ናት። ስሟ ሀዋ ነው። እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች፣ ረይሃና። አጋሮን በመኪና ከማለፍ በቀር አላውቀውም።"

የረይሃና እጅ ተነሳ። አልገፋቻትም፤ ብቻ እጇን አንስታ ሽርጧ ላይ ጠረገችው። ጠርጋም ያደረገችውን አየችና ፊቷ ተለወጠ። ከሴቶቹ አንዷ ሣህኗን ወደ ራሷ ሳበች።

"እማ?" አለች ዙሀራ። ጆጉን እንደያዘች ደርቃ ቀርታለች። ትላንት በዚህ ግቢ ያነበበችው፣ ያሳቀችበት፣ አንድ በአንድ ፊቷ ላይ ሲመለስ ረሺዳ አየችው። ልጇን ሰው ሳያይ ልታለቅስ የምትችልበት ቦታ ልታስገባት ፈልጋ ነበር። ቦታው አልነበረም።

"ነገ ጠዋት ሦስታችን ሄርማታ እንወርዳለን፣" አለቻት። "አጎትሽ ከሊሙ ይመጣል። ሁለታችሁም ትመዘገባላችሁ።"

ዙሀራ ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠች።

ረሺዳ ሽርጧን ሳትፈታ ወደ ምንጣፉ ሄደች። ሀዋ ልትነሳ ግማሽ ወገቧን አንስታ ነበር፤ ትከሻዋን ይዛ መልሳ አስቀመጠቻትና አጠገቧ ቁጭ አለች። ሰማያዊውን ኩባያ ከእጇ ወሰደች።

"አዳዳ፣ ተዪው፣" አለች ሀዋ በሹክሹክታ፣ "አልጠማኝም።"

"እኔን ጠምቶኛል" አለች ረሺዳ። ኩባያውን ለልጇ ዘረጋችላት፤ ዙሀራ እስክትቀዳላት ድረስ እጇን አላጠፈችም።